እንሶስላውን ያሰርኩበት ሐረግ

ባለፈው መስከረም አጥሬን የሚከረክምልኝ ጎልማሳ ማጭዱን ይዞ መጣና፣ «እማማ፣ ይሄንን አረም ከሥሩ ልንቀልልዎት?» አለኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ክረምቱን ሙሉ ሳላስተውለው በጥዱ ላይ ሲንጠላጠል የከረመ ሐረግ፣ ነጭ አበባውን እንደ ጉድ ዘርግፎ ወደ መንገዱ ወርዷል። አላፊ አግዳሚው ቆም እያለ ያየዋል። «ተወው» አልኩት። «እሺ፣ ዳር ዳሩን ብቻ ልከርክመው» ብሎ እጁን ሲሰድ ግን ሳላስበው ጮኽኩ።

«ጓንት! ያለ ጓንት እንዳትነካው!»

ሰውየው ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። እባብ ያየሁ መስሎት ሐረጉን ከላይ እስከ ታች መረመረው። አዞ ሐረግ መሆኑን ነገርኩት፤ ስሙን ሰምቶ አያውቅም። ከእንጦጦ ግርጌ ተወልዶ ያደገ ሰው አዞ ሐረግን አለማወቁ ገረመኝ። ኋላ ግን በራሴ ሳቅሁ፤ እኔስ በእሱ ዕድሜ ሳልደርስ ያወቅሁት በምን ሆነና ነው?

ጉለሌ ላደገ ልጅ አረም የሚባለው ነገር ግማሽ ዓለሙ ነበር። ከቁስቋም በታች ያለው ሰፈራችን ያን ጊዜ ገና በቤት አልተጨናነቀም፤ በየመንደሩ መሐል ወንዝና ገደል ያልፋል። ክረምቱ ሲወጣ ማንም ያልዘራው ነገር ሁሉ ያብባል። ሜዳው በአደይና በመጭ ቢጫ ይሆናል፤ ኮሸሽላው ሐምራዊ አናቱን ቀና አድርጎ እሾኹን ይስላል። አስታናግር ጥሩምባ የመሰለ ነጭ አበባውን የሚያወጣው ደግሞ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ነው። ፍሬውን የቀመሰ ሰው ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ሲያወራ ይውላል ይሉን ስለነበር፣ ወንዶቹ «አንተ ቅመስ»፣ «አንተ ቅደም» ይባባሉበት ነበር እንጂ የቀመሰ አላየሁም። ሳማን ያወቅነው በእግራችን ነው። ትልልቆቹ ይህን ሁሉ አረም ብለው ረግጠውት ያልፋሉ። እኔ ግን አበባ ካየሁ ማለፍ አልችልም፤ ከወተት ሰልፍ እንኳ ወጥቼ እቀጥፋለሁ። እናቴ «ይቺ ልጅ አንድ ቀን አበባ ስትከተል ገደል ትገባለች» ትል ነበር። ገደል አልገባሁም። የገባሁበት ሌላ ነው።

የደርግ ዘመን ነበር። እኔ አሥራ አራት ዓመቴ፣ እህቴ የሺ ደግሞ ሃያ አንድ። የሺ የታጨችለት ግርማ ወታደር ነበር፤ ሰሜን ነው ያለው። ሁለት ዓመት ሙሉ በደብዳቤ ብቻ ከቆዩ በኋላ፣ በመስቀል ማግስት የአሥር ቀን ፈቃድ አግኝቶ መጣ። ከአሥሩ ቀን ሦስቱን መንገድ በልቶታል። ሠርጉ ለእሑድ ተቆረጠ። ድግሱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ወደ ኋላ የሚገፋ ቀን የለም። ያን ጊዜ ወደ ሰሜን የሚመለስን ሰው «ለከርሞ እንደርሳለን» ብሎ መሸኘት የሚደፍር አልነበረም። አባታችን ከሞተ ቆይቶ ስለነበር ሁሉንም የምታሯሩጠው እማዬ ናት። ለማገዝ ከሰላሌ የመጣችው የአባቴ እህት፣ አክስቴ ደብሪቱ፣ ከእጇ ይልቅ ምላሷ የሚፈጥን ሴት ነበረች።

ከአጥራችን ማዶ እትዬ ብርቄ ይኖራሉ። ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ባላቸው ሞተው ብቻቸውን የቀሩ፣ ክንዳቸው እንደ ወንድ ክንድ የጠነከረ፣ ለአፈሩና ለማገዶው እንጦጦን ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩ። ያን ጊዜ ሸክላ ሠሪን ሰው ከሩቅ ነበር የሚያየው። ድስቱን ይገዛል፣ ሠሪዋን ግን ቤቱ አያስገባም፤ ልጁ ሲታመምም መጀመሪያ የሚጠረጥረው የእሷን ዓይን ነው። እማዬ ግን ከእትዬ ብርቄ ጋር በአንድ ትሪ ትበላ ነበር። በአጥሩ መሐል ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ትተው፣ እሳትና ጨው የሚዋዋሱት በዚያ ነው። በእናቴ ከምኮራባቸው ነገሮች አንዱ ያ ቀዳዳ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሺ እንሶስላ ልትሞቅ ተቀመጠች። እንሶስላም ቢሆን አረም ነው፤ ከወንዝ ዳር፣ ከጥላ ሥር ይበቅላል። ሥሩ ተልጦ ተወቅጦ እጅና እግር ላይ ሲደረግ ግን ሙሽራን ሙሽራ ያሰኛል። የወቀጡት እትዬ ብርቄ ናቸው። ሌላ ሰው ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን እሳቸው ዘነዘናውን ጥቂት ጊዜ አንስተው ሲጥሉት አለቀ። ጣቶቿን እያንዳንዳቸውን ቀቡ፣ መዳፏን ሞሉ፣ እግሯን እስከ ቁርጭምጭሚቷ አለበሱና በጉሎ ቅጠል ጠቀለሉላት። ከዚያ፣ «ሸክላዬን እሳት ላይ ጥዬ ነው የመጣሁት፤ ማሰሩን እናንተ ጨርሱት» ብለው በቀዳዳው ሾለኩ።

ማሰሪያ አልበቃ አለ። ጨርቅ እንደ ልብ የማይገኝበት ጊዜ ነበርና እማዬ ደህና ነገር መቅደድ አልሆነላትም። «እኔ አመጣለሁ!» ብዬ ማጭድ ይዤ ወደ ወንዙ ሮጥኩ። የፈለግሁት ገመድ ብቻ ነበር ብል ውሸት ነው። ቀኑን ሙሉ እህቴን የማሳምርበት አበባ በዓይኔ ስፈልግ ነበር። እዚያ አንድ ጥድ ላይ ነጭ በነጭ የሆነ ሐረግ ወረደልኝ። ረዥም ነው፣ ገመድ ይሆናል፣ አበባውም ከነዘለላው አለ። እንዲለሰልስ ልጡን ገፈፍኩት፣ በመዳፌ እያሸሁ ጠመዘዝኩት። ሽታው አፍንጫዬን ሲሰነፍጠው ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ይህም ደስ አለኝ፣ ጠንካራ ሽታ ያለው ሁሉ መድኃኒት ይመስለኝ ነበር።

ሁለቱን የእጅ አንጓዎቿንና ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶቿን በሐረጉ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩና አበባው ወደ ታች እንዲንዠረገግ ተውኩት። የሺ እጇን ዘርግታ እያየች ሳቀች። አክስቴ ደብሪቱ ሳትቀር «አበጀሽ!» አለች። እማዬ «እጅሽ ይባረክ» ብላ መረቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ያንን ምርቃት በሰማሁ ቁጥር መዳፌን አያለሁ።

ሲመሻሽ የሺ «ያቃጥለኛል» አለች።

«ሲይዝ ነው» አለች አክስቴ። «ቀለም ሳያቃጥል አይዝም። እኛም ችለነዋል፣ ቻይው።»

እኔንም መዳፌን ያቃጥለኝ ነበር፤ ሳማ የነካሁ መስሎኝ ዝም አልኩ። የሺም ለግርማ ስትል ቻለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ቅጠሉን ፈታን። ቀለሙ እንዲህ ይዞ አያውቅም፤ ጣቶቿ የተቀቀለ ቀይ ሥር መስለዋል። ሐረጉ ባለፈበት ሁሉ ግን ቆዳዋ ተቆጥቶ፣ ባቄላ ባቄላ የሚያህል ውኃ ቋጥሮ ዙሪያውን ከቧታል። ቁርጭምጭሚቷማ እግሯን መሬት አላስረግጥ አላት። እማዬ «ወይኔ ልጄን!» ብላ ደረቷን መታች።

አክስቴ ደብሪቱ ግን የጮኸችው በዝግታ ነው። «ማነው የወቀጠው?»

ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም አወቅን። እማዬ «ብርቄ ናት፤ ብርቄ ደግሞ እህቴ ማለት ናት» አለች።

«አየሽ! ዓይን ነው። እነሱ አንድ ነገር ካማራቸው አይለቁም። ሙሽራ ያህል ነገር በእጃቸው ትሰጫለሽ?»

«ኧረ ተይ ደብሪቱ፣ ይሄ ነገር ቀርቷል። በቀበሌ ስብሰባ ስንት ጊዜ ተነገረን።»

«በስብሰባ የሚቀር ነገር ነው?»

እማዬ ወደ የሺ አንጓ ተመለከተች። በዚያ መሐል እኔ መዳፌን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ያው ነው። እህቴ ላይ ያለው ውኃ የቋጠረ ነገር በእኔም ጣቶች መሐል ተደርድሯል። እንሶስላውን አልነካሁትም፤ የነካሁት ሐረጉን ብቻ ነው። በደቂቃ ውስጥ ሁሉም ገባኝ። እጄን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ።

ለምን ወዲያው አልተናገርኩም? የሺ እያለቀሰች ነበር። ግርማ ረቡዕ ይመለሳል። የእህቴን ሠርግ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብሎ መናገር ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ተራራ ነው። ትንሽ ቆይቼ እናገራለሁ፣ ሲረጋጉ እናገራለሁ፣ ብቻዋን ሳገኛት ለእማዬ እናገራለሁ እያልኩ ቆየሁ። በዚህ መሐል «ሙሉ፣ ሽንኩርቱን ክተፊ» ተባልኩ። የሠርግ ወጥ ሽንኩርት! በዚያ እጅ! አንዱን ራስ በከተፍኩ ቁጥር እሳት የጨበጥኩ ይመስለኝ ነበር። ምቹ የነበረው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሽንኩርት የሚከትፍን ሰው ለምን ታለቅሻለሽ የሚለው አለመኖሩ ነው።

ረፋዱ ላይ እትዬ ብርቄ መጡ። በቀዳዳው ሳይሆን በበሩ ነው የመጡት፣ ለወግ። ለየሺ ብለው የሠሩትን ትልቅ የወጥ ድስት ከነክዳኑ ታቅፈዋል። እማዬ በሩ ላይ ተቀበለቻቸው። ድስቱን ወሰደች፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፣ መንገዱን ግን አልለቀቀችም። «ግቢ» አላለችም። በዕድሜዬ ሙሉ እናቴ ለእትዬ ብርቄ «ግቢ» ሳትል ስትቀር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እሳቸው ትንሽ ቆሙ። «የሺ ደህና ናት?» አሉ። «ደህና ናት» አለች እማዬ። ተመለሱ። አክስቴ ድስቱን ተቀብላ ከአጥሩ ሥር፣ ከውጭ አስቀመጠችው።

ከምሳ በኋላ አክስቴ ወደ ጓሮ ጠራችኝና ምላጭ ሰጠችኝ። «አንቺ ልጅ ነሽ፣ አትጠረጥርሽም። ከብርቄ ነጠላ ጫፍ ጣት የምታህል ብቻ ቆርጠሽ አምጪ። እናጭስላታለን፣ ይለቃታል።» ዓይን ያረፈበት ሰው የሚድነው የባለ ዓይኗ ልብስ ቁራጭ ሲታጠን ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ ባለቤቷ ሳታውቅ መቆረጥ አለበት። ወደ እማዬ ዞርኩ። እማዬ ፊቷን ወደ እሳቱ አዞረች። በቀዳዳው ሾለክሁ።

«ሙሉ! ነይ ግቢ» አሉኝ እትዬ ብርቄ። ቤቱ እርጥብ አፈር አፈር ይሸታል። አንድ ማሰሮ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በጠጠር ያለሰልሱ ነበር። «እንሶስላው ያዘላት?»

«ያዘላት።»

«እሰይ።» ማሰሮውን ከግድግዳው ሥር አስቀምጠው ቆሎ ሊሰጡኝ ወደ ጓዳ ዘወር አሉ። የክት ነጠላቸው ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ምላጩን አውጥቼ ጫፉን ያዝኩ። ግን ጣቶቼ አልታጠፍ አሉኝ፤ ሽንኩርቱ ጨርሷቸው ነበር። ምላጩ አመለጠኝና ማሰሮው ላይ ቅጭል ብሎ ወደቀ።

እትዬ ብርቄ ተመለሱ። መጀመሪያ ያዩት እጄን ነው። ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱኝ።

«አዞ ሐረግ ነው። የት ነካሽው?»

«የሺን ያሰርኩበት... አበባው ቆንጆ ስለነበር።»

ጭናቸውን በጥፊ መቱ። «የሺም እንዲህ ሆናለች?»

«አዎ።»

«ምነው ምነው! ያ እኮ ቆዳ ይልጣል! እኔ ስለቅመው እንኳ በቅጠል ይዤ ነው።» ከዚያ ዓይናቸው ወደ ምላጩ ወረደ። ወደ ነጠላው ወጣ። ምንም አልጠየቁኝም። ይህን ነገር ከእኔ በፊት ስንት ጊዜ እንዳዩት ማን ያውቃል። እጄን በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግመው አጠቡኝ፣ ከቅል ውስጥ ማር አውጥተው ቀቡኝ። ሲጨርሱ ነጠላውን አወረዱ፣ ምላጩን አነሱና ከጥለቱ ጋር ጫፉን ራሳቸው ቆረጡት።

«እንኪ።»

«አልፈልግም» አልኩ።

«ታዲያ ምን ብለሽ ልትመለሺ ነው?» አሉኝ። ድምፃቸው አልተቆጣም፤ የደከመ ነበር። «የሺን በውኃ እጠቧት። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጡት፣ ማር ቀቡት። እኔ ራሴ በመጣሁ ነበር፤ ግቢ አልተባልኩም።»

ከእሳቸው በር እስከ እኛ በር ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። በዚያ ሠላሳ እርምጃ ውስጥ ለመናገር ሦስት ጊዜ ወሰንኩ። አክስቴ ደብሪቱ ግን በሩ ላይ ጠብቃ ቁራጩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ጎሽ የኔ ልጅ!» ፍሙ ተዘጋጅቶ ነበር። የሺን በጋቢ ሸፍነው ጎንበስ አደረጓትና ጨርቁን ጣሉት። የጥጥ ጭስ ቤቱን ሞላው። የሺ ሳለች፣ ደግማ ሳለች። እማዬ ጥግ ላይ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ጥለቱ ሲጠቁር፣ ሲጠቀለል፣ አመድ ሲሆን ቆሜ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ነው የተናገርኩት።

«እኔ ነኝ» አልኩና ሁለቱንም መዳፎቼን ዘረጋሁ። «ሐረጉ ነው። እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

እማዬ መጥታ እጄን ያዘች፣ ቁስሉን አየች፣ ጣቷን አስነክታ አሸተተች።

«ማሩን ማን ቀባሽ?»

መልሱን አልጠበቀችም። ባዶ እግሯን፣ ያለ ነጠላ፣ በቀዳዳው ወጣች። እዚያ ምን እንደተባባሉ እስክትሞት አልነገረችኝም። ብዙ ቆይተው ሁለቱም ዓይናቸው ቀልቶ አብረው መጡ፤ እማዬ በሩን ከፍታ «ግቢ» ስትል ሰፈሩ ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም። እትዬ ብርቄ የሺን አጠቧት፣ ማር ቀቧት፣ ጥጥ ደረቡላት። ሲነሱ ወደ እኔ ጠጋ አሉና በጆሮዬ፣ «ሙሉ፣ ቁራጩን መልሺልኝ፣ እሰፋዋለሁ። ለነገ የምለብሰው እሱኑ ነው፣ ሌላ የክት የለኝም» አሉኝ።

«ጠፋብኝ» አልኳቸው።

ቤቱ ገና የተቃጠለ ጥጥ ይሸት ነበር። አዩኝ። «ይሁን» አሉ።

ሠርጉ አማረ። ባያምር ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። የቬሎው እጅጌ አንጓዋን ሸፈነላት፤ የሙሽራ ጫማው አልገባም ሲል የእኔን የስፖርት ሸራ ጫማ ክሩን አውጥተን አደረግንላት፤ ቬሎው ረዥም ስለሆነ ከእኛ በቀር ያወቀ የለም። ጣቶቿ ግን ይታዩ ነበር፣ እንዲህ ያለ ቀለም ሰፈሩ አላየም። ግርማ ቀለበት ሲያደርግላት ጥጡን አየና፣ «እኔ ግንባር ውዬ ምንም ሳልሆን አንቺ ቤት ተቀምጠሽ ቆሰልሽ?» አላት፣ ሁሉም ሳቀ። ወጡ በአዲሱ ድስት ተሠርቶ ነበር፤ አክስቴ ደብሪቱ ሁለት ጊዜ አስጨምራ በላች። እትዬ ብርቄ ከእማዬ ጎን፣ ጫፉ የጎደለ ነጠላቸውን ለብሰው ተቀመጡ። እያጨበጨቡ ሲዘፍኑ እጃቸው በወጣ በገባ ቁጥር ጉድለቱ ይታየኝ ነበር።

ግርማ ረቡዕ ተመለሰ። ከዓመታት በኋላ እያነከሰም ቢሆን በሕይወት መጣ። እሱና የሺ ዛሬም ጉለሌ ናቸው፤ አራት ልጅ ወልደው፣ በየቀኑ ስለ ወጥ ጨው እየተጨቃጨቁ በደስታ ያረጃሉ። እትዬ ብርቄ ዕድሜ ጠግበው ነው ያረፉት። ቀዳዳው እሳቸው እስኪሞቱ አልተደፈነም።

ይህን ታሪክ በየሠርጉና በየልደቱ ስንት ጊዜ እንዳወራሁት አላውቅም። ሽንኩርቱ ጋ ስደርስ ይስቃሉ፣ ሸራ ጫማው ጋ ስደርስ ይንከባለላሉ፤ የእህቴ ልጆች «አክስቴ፣ የሐረጉን ንገሪን» ብለው ራሳቸው ይጠይቁኛል። ስናገር ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ከቦታው አዛውራለሁ። በእኔ አፍ ሲወራ፣ ያቺ ልጅ ቁራጩን በጡጫዋ ጨብጣ ቤት እንደገባች፣ ፍሙ ሳይነካው «እኔ ነኝ» ትላለች። ስንት ዓመት እንደዚያ ስላወራሁት እኔም ላምነው ምንም አልቀረኝ። የሺ አብራ ተቀምጣ ትሰማኛለች፤ ጭሱ ያሳላት እሷን ነው፣ ግን አርማኝ አታውቅም። ዛሬ ስጽፈውም እጄ ወደዚያው ሄዶ ነበር። ሰረዝኩትና እንደሆነው ጻፍኩት፤ ጭሱ ይቀድማል።